እንዳይነቃ የተሸፈነው ጤና አዳም

ነገሩ የተጀመረው ሊፍት ውስጥ ነው። በቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ከሚገኙት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ከሦስቱ ሊፍቶች ሁለቱ በተበላሹበት በጥቅምት ወር አንድ ቀን፣ ሐሴት የገዛችውን ወተትና ዳቦ አቅፋ ከሰው መሀል ተጣብቃ ቆማለች። አጠገቧ አፈር የተሞላ ባልዲ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። ሽማግሌው ፊቷን ገና እንዳዩ በአማርኛ ጀመሩ።

"ከየት ነሽ ልጄ?"

"ከአዲስ አበባ።"

"እሱንማ ማን ጠፍቶት። ትምህርቱን ነው እንጂ። የት ነው የተማርሽው?"

"ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ።"

ሽማግሌው ባልዲውን ወለሉ ላይ አስቀመጡት።

"ዓለማያ!" አሉ በድሮ ስሙ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያያቸው። "ግብርና ኮሌጅ! እኔ እኮ አንቺን ነው የምፈልገው!"

በእሳቸው ዘመን ዓለማያ ሲባል ግብርና ማለት ነበር። ከዚያ የወጣ ሰው ዘር ያውቃል፣ አፈር ያውቃል፣ የተክል በሽታ በዓይኑ ይለያል። ሐሴት ግን የተማረችው ስታቲስቲክስ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ከቁጥር በቀር በእጇ የነካችው ነገር አልነበረም፤ የግቢውን የእርሻ ማሳ እንኳ የምታውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ይህንኑ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ደግሞ በሰው ፊት ትልቅ ሰው ማረም ነውር መሰላት። ቃል እስክትመርጥ ሊፍቱ አሥራ አራተኛ ፎቅ ደርሶ በሩ ተከፈተና ሽማግሌው ባልዲያቸውን አንስተው ወረዱ።

"ሌላ ቀን እነግራቸዋለሁ" አለች በልቧ። ያ ሌላ ቀን ሰባት ወር ፈጀ።

በሦስተኛው ቀን በሯ ተንኳኳ። ሽማግሌው ናቸው። ስማቸው አስማማው መሆኑን፣ ስድስት ፎቅ ወደ ታች እንደሚኖሩ፣ የእሷን ቤትም ጠያይቀው እንዳገኙ ነገሯት። ከሕንፃዎቹ ጀርባ፣ በሽቦ አጥር ወደተከለለው የነዋሪዎች የአትክልት ቦታ ይዘዋት ወረዱ። እዚያ ለያንዳንዱ ሰው በእንጨት የታጠረች አንድ አንድ መደብ አለች። የጋሽ አስማማው ጥግ ላይ ነበረች።

"ይሄ ሁሉ ከሳስካቱን፣ ከምዕራቡ ሜዳ የመጣ ነው" አሉ፣ እንግዳ እንደሚያስተዋውቅ ሰው እያንዳንዱን በእጃቸው እያሳዩ። "ይሄ ቀይ አገዳው የሚበላው ሩባርብ ነው፣ ያ ቁጥቋጦ ሃስካፕ ይባላል፣ ሰማያዊ ፍሬ ነው፣ ሽንኩርቱም በየዓመቱ ራሱን ችሎ የሚመለስ ነው። እዚያ አርባ ከዜሮ በታች ይገባል። ሜዳ ነው፣ ነፋሱን የሚያቆመው ዛፍ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ። እነዚህ ያንን ያለፉ ናቸው።"

ከዚያ ተንበረከኩ። መሀል ላይ ጉልበት የማይደርስ፣ ቅጠሉ ወደ ግራጫ የሚያደላ አንድ ጤና አዳም ነበር።

"ይቺ ደግሞ የብርቅዬ ናት" አሉ።

ብርቅዬ ባለቤታቸው ነበሩ፤ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሳስካቱን በገቡ በመጀመሪያው በጋ፣ ልብስ ሊያሰጡ ወደ ጓሮ ወጥተው፣ "አስማማው፣ ጤና አዳም ሸተተኝ!" ብለው ጮኹ። ባል፣ ሚስቴን ሆድ ባሳት፣ ልቧ አገር ቤት ሄደ ብለው ሮጠው ወጡ። ሽታው ግን እውነት ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ዩክሬናዊት አሮጊት እሳቸውም በአገራቸው ጤና አዳም የሚያከብሩ ሰው ሆነው ተገኙ። አሮጊቷ ሥር ያወጣ ቅርንጫፍ በአጥሩ ላይ አሻገሩላቸው፣ በሜዳ ብርድ እንዴት እንደሚያድርም በምልክት አስተማሯቸው። በሁለት ሴቶች መሀል ሃያ የእንግሊዝኛ ቃል የማይሞላ ወዳጅነት እንዲህ ጀመረ።

"ልጆቻችን ጎጆ ሲወጡ ለያንዳንዳቸው ከዚችው ላይ ቅርንጫፍ መሬት አስነክቼ፣ ሥር ሲያወጣ እሰጣለሁ፤ የብርቅዬ ቃል ነው። የልጄ የዮኒ ባልኮኒ ላይ ደረቀች። የሳስካቱኑን ቤት የገዛው ሰውዬ ጓሮውን አስፋልት አድርጎ መኪና ያቆምበታል። ከእንግዲህ ያለችው ይቺ ብቻ ናት። ትንሿ ልጄ ኤልያና እዚሁ አቅራቢያ ኤጃክስ ከተማ ቤት ገዝታለች፤ በሜይ ልሰጣት ቃል ገብቻለሁ።" መሬት አስነክተው በድንጋይ የያዟትን ዝቅተኛ ቅርንጫፍ አሳዩዋት። "ይቺ ሥር እያወጣች ነው፤ የሷ ናት።"

የዮኒ ሚስት ልትወልድ ስለሆነ ጋሽ አስማማው ክረምቱን ሳስካቱን ያሳልፋሉ። ከመሄዳቸው በፊት መደቡን በረገፈ የሜፕል ዛፍ ቅጠል ወፍራም አድርገው አለበሱት፣ ላዩን በጥድ ቅርንጫፍ ተጫኑት። የአጥሩን በር ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በሐሴት መዳፍ ላይ አኖሩ።

"የሚደረገውን አንቺ ታውቂዋለሽ" አሉ። "ለዓለማያ ልጅ እኔ ምን ልናገር?"

ያኔ መጠየቅ ነበረባት። "ጋሼ፣ ምንድነው የሚደረገው?" ማለት ሁለት ትንፋሽ አይፈጅም። እሷ ግን ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ "እሺ ጋሼ፣ በሰላም ይግቡ" አለች።

አብራት የምትኖረው አክሱማዊት፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሠራተኛ፣ ወሬውን ስትሰማ ከሶፋው እስክትወድቅ ሳቀች።

"አንቺ? ቁልቋል ያደረቅሽ ልጅ?"

"ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ።"

"መቼ? በሠርግሽ ቀን?"

ክረምቱ እንዲህ ገባ። ጋሽ አስማማው እሁድ እሁድ በዋትስአፕ ይደውላሉ። መጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ክብደት፣ ቀጥሎ የሳስካቱንን ብርድ ያወሩና በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እነዚያስ?" ይላሉ። "ደህና ናቸው ጋሼ" ትላለች። ከሥራ ስትመለስ በሽቦው በኩል ቆማ ታያለች፤ የቅጠል ክምር፣ አንዳንዴ በላዩ ስስ በረዶ። ምን እንደምታይ ባታውቅም ማየቷን አላቋረጠችም።

የካቲት ላይ አምስት ቀን የሚያህል ሙቀት መጣ። አሥራ አራት ዲግሪ! ሰው ጃኬቱን ወገቡ ላይ አስሮ ይሄዳል፣ በፓርላመንት ጎዳና ያሉ ካፌዎች ወንበር ውጭ አወጡ። ሐሴት ቅዳሜ ጠዋት በሩን ከፍታ ገባች። የጥድ ቅርንጫፉን ገለጥ ስታደርግ ቅጠሉ ጠቁሮ፣ ርሶ፣ ተጣብቋል፤ የሻገተ ነገር ሸተታት። እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። ጤና አዳሟ ከታች፣ እርጥብና ግራጫ፣ በሕይወት ነበረች።

አዘነችላት። ፀሐይ ወጥቶ ሳለ በእርጥብ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የተረሳ ሕፃን መሰለቻት። ብርዱ አልቋል፤ ታዲያ ልብሱ ለምን? ቅጠሉን ሁሉ በእጇ ጠርጋ በወረቀት ከረጢት ሞላች፣ ከረጢቶቹንም የጓሮ ቆሻሻ መጣያው ጋ አስቀመጠች። መደቡ ተጠርጎ፣ አፈሩ ፀሐይ ላይ ሲያተን፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጇ ለአንድ ተክል ጥሩ ነገር ያደረገች መሰላት። እሁድ ሲደውሉ ልትነግራቸው አሰበች። ጉራ እንዳይመስልባት ተወችው።

መጋቢት በገባ በሳምንቱ ብርዱ ተመለሰ። ሁለት ሌሊት አሥራ ስምንት ከዜሮ በታች፣ በረዶ ሳይጥል፣ ደረቅ ነፋስ። ሐሴት ሃያኛ ፎቅ ላይ ተኝታ መስኮቱ ሲያፏጭ ሰማች፤ አንድ ነገር ከልቧ ላይ ቁጭ አለ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችውም።

እሁድ ስልኩ ጮኸ።

"እዚያ ሞቆ መልሶ ቀዘቀዘ አሉ" አሉ ጋሽ አስማማው። "ቅጠሉን እንዳላነሳሽው አውቃለሁ። የተማርሽ ነሽ። ሌላ ሰው ቢሆን እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።"

ሐሴት ስልኩን አጥብቃ ያዘች። "ለምን ጋሼ?"

"አዬ፣ እየፈተንሽኝ ነው እንዴ?" ሳቁ። "ሰው እንዲሞቃት የምናለብሳት ይመስለዋል። እኛ የምናለብሳት ለብርዱ ነው፤ ብርዱ እንዳይለያት፣ እንዳትነቃ! ሳስካቱን በረዶው ኖቬምበር ወርዶ እስከ ኤፕሪል አይነሳም፣ ከሥሩ ትተኛለች። የቶሮንቶ ብርድ ግን ቃል የለውም። ይሞቅና ያታልላታል። ከነቃች በኋላ ብርድ ካገኛት አለቀች። አርባን የቻለችው በአሥራ አምስት ትሞታለች።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንዳለች ናት አይደል?"

"አዎ ጋሼ" አለች ሐሴት። "እንዳለች ናት።"

ስልኩ ሲዘጋ ጫማዋን በትክክል ሳታስር ወረደች። የጤና አዳሟ ቅጠል ሁሉ ተኮማትሮ ጥቁር ቡናማ ሆኗል፤ ስትነካው እንደ ሻይ ቅጠል ደቀቀ። የኤልያናም ቅርንጫፍ እንዲሁ። ወደ መጣያው ሮጠች፤ ከረጢቶቹ ከተወሰዱ ቆይተዋል። ሻርፗን አውልቃ በግንዱ ላይ ጠመጠመችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሰው እንዳያይባት ፈታችው።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ወር ተኩል ለሐሴት ረጅም ነበር። ኢንተርኔት ላይ፣ ግንዱን በጥፍር ፋቅ አድርጎ አረንጓዴ ከታየ በሕይወት አለ የሚል አነበበች። ሄዳ ፋቀች፤ ቡናማ ነው። በማግስቱ ዝቅ ብላ ፋቀች፤ ቡናማ። ቢሮ ተቀምጣ በምትሠራው ሠንጠረዥ ላይ ቁጥር ሳይሆን ያቺ ጭረት ትታያታለች። ሚያዝያ ላይ ሩባርቡ ቀይ ቡጢውን አፈር ሰንጥቆ አወጣ። ሽንኩርቱ ተከተለ። ሃስካፑም ማንም ሳይጠብቀው አበባ ያዘ። ሁሉም ከሜዳው የመጡበትን ጉልበት አሳዩ። መሀል ያለችው ብቻ ደረቅ እንጨት ሆና ቆመች፤ ሌሎቹ በለመለሙ ቁጥር የእሷ መድረቅ ይበልጥ ጎልቶ ታየ። እሁድ እሁድ "እነዚያስ?" ሲሏት "ሩባርቡ ወጥቷል!" ትላለች በደስታ ድምፅ። እሳቸውም ይደሰታሉ፣ ከዚያ ወዲያ አይጠይቁም። የተማረች ናታ።

"ግዢያ" አለች አክሱማዊት አንድ ማታ። "ጤና አዳም እኮ ነው፣ ኩላሊት አይደለም። ችግኝ መሸጫ ሞልቷል። ተክለሽ ዝም በይ።"

"ያውቁታል።"

"በምን? መታወቂያ አለው?"

ሐሴት በሁለት አውቶቡስ ራቅ ወዳለ ችግኝ ቤት ሄዳ አገኘችው። በጥቁር ፕላስቲክ የተተከለ፣ ቁመቱም ቅጠሉም ያው፣ ሽታውም ያው። መንገዱን ሙሉ ጭኗ ላይ ይዛው መጣች። ሽታው አውቶቡሱን ሲሞላው እፎይታ ሳይሆን ፍርሃት ጨመረባት።

ጋሽ አስማማው በግንቦት የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው የገቡት። ኤልያና ከኤርፖርት ተቀብላቸው እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ ወደ አትክልቱ ይመጣሉ ተብሏል። ሐሴት ገና በጠዋት ወረደች። ችግኙን አጠገቧ አስቀመጠች፣ መኮትኮቻውን ያዘች፣ የደረቀውን ግንድ ከሥሩ ጨብጣ ሳበች። አልተነቀለም። ደገመችው። ሥሩ መሬቱን እንደያዘ ነው።

ጨብጣው እንዳለች፣ የሚሆነው ሁሉ ታያት። ኤልያና ይህን ችግኝ ወስዳ ጓሮዋ ትተክለዋለች። ልጆች ስትወልድ፣ "አያታችሁ በአጥር ላይ የተቀበለችው" እያለች ትነግራቸዋለች። ጋሽ አስማማው በመጡ ቁጥር ቅጠሉን በጣታቸው አሽተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸታሉ። እሷም ቆማ ታያለች፤ በየዓመቱ።

እጇን ለቀቀች። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል አልሆነም፤ የአጥሩ በር ግን ሲጢጥ ሲል ሰማች።

"ፍላይቱ ቀድሞ ገባ!" አሉ ጋሽ አስማማው ከሩቅ፣ ከነሻንጣቸው። ከኋላቸው ረጅም፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ወጣት አለች። "የዓለማያዋ ልጅ ይቺውልሽ ኤልያና! እንዴት ከረምሽልኝ?"

"ሃይ! ኦ ማይ ጋድ፣ ሩባርቡን እየው ዳድ!" አለች ኤልያና። "የኔ የቱ ነው? ዊች ዋን?"

ጋሽ አስማማው መደቡ አጠገብ ቆሙ። ዓይናቸው መሀሉ ላይ ነበር። ከዚያ ወደ ጥቁሩ ፕላስቲክ ሄደ፣ ከዚያ ወደ መኮትኮቻው፣ በመጨረሻ ወደ ሐሴት።

ሐሴት ተነሳች። ጉልበቷ ላይ አፈር ነበረ። ለሰባት ወር ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

"ጋሼ" አለች። "እኔ የተማርኩት ስታቲስቲክስ ነው።"

"ምን?"

"ሐረማያ ነው የተማርኩት፤ ግን ግብርና አይደለም። ስለ ተክል ምንም አላውቅም። በየካቲት ሲሞቅ ቅጠሉን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እንዲሞቃት ብዬ።"

በአጥሩ ወዲያ አንድ አውቶቡስ አለፈ። ጋሽ አስማማው ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ከኪሳቸው ትንሽ ቢላ አውጥተው ግንዱን ፋቁ። ዝቅ ብለው ፋቁ። ድንጋዩን አንስተው የኤልያናን ቅርንጫፍ ከአፈሩ ሳብ አደረጉት፤ እንደ ክር ቀጫጭን ሥር አውጥቶ ነበር፣ ሥሩም ደርቋል። መልሰው አስቀመጡት።

"ለምን አልነገርሽኝም፣ ያን ቀን?"

"ሊፍቱ... ሊፍቱ ደረሰ።"

ኤልያና ሳቅ አመለጣትና አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ አስማማው አልሳቁም።

"በማርች ስደውልልሽስ? ያኔ ሊፍት አልነበረም።"

ሐሴት ፊቷ እሳት ሆነ። "ፈራሁ" አለች።

"ዳድ፣ ኢትስ ኦኬ" አለች ኤልያና ለስለስ ብላ። "ያቺን እወስዳለሁ፣ አዲሷን። ኢት ስሜልስ ዘ ሴም።"

"አይደለም" አሉ አባትየው። "ሴም አይደለም።" ደረቁን ግንድ በቢላ ከመሬት አንድ ጣት አስቀርተው ቆረጡት። ሲነሱ ጉልበታቸው ጮኸ፤ ሐሴት ክንዳቸውን ልትይዝ ዘረጋች፣ እሳቸው ግን የእንጨቱን ጠርዝ ያዙ። ልብሳቸውን አራግፈው መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ቁልፉን ስጪኝ።"

ሰጠቻቸው። ችግኟን አቅፋ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ከኋላዋ ድምፃቸውን ሰማች፤ ለእሷ ይሁን ለልጃቸው አልገባትም።

"እኔ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ለዩኒቨርሲቲ ልጅ ስለ ቅጠል ላስረዳ ስል አፌ ተያዘ። ብናገር ኖሮ እኮ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሁድ ስልክ አልጮኸም። ሐሴት ችግኟን መስኮት ላይ አኖረቻት፤ ልትጥላት አልቻለችም፣ ሊፍት በተከፈተ ቁጥር ደግሞ ልቧ ዝቅ ይላል። ጋሽ አስማማው እስከ ሰኔ አጋማሽ ጉቶውን ጠበቁ። አልበቀለም። በሰኔ ሃያ ሁለት ሥሩን ነቅለው አወጡት፣ በዚያው ዕለት ማታ በሯን አንኳኩ።

"ያቺ የገዛሻት አለች?"

"አለች ጋሼ።"

"ያዢና ውረጂ። ጉድጓዱ ክፍት አያድርም።"

ተከሉት። ሐሴት፣ "ውኃ ምን ያህል?" ብላ ጠየቀች። እሳቸው በአጭሩ መለሱ። "ቅርንጫፉ መሬት የሚነካው መቼ ነው?" ብላ ጠየቀች። ቀና ብለው አዩዋት፤ ይህንኛውን ረዘም አድርገው መለሱ። በጋውን ሁሉ ስትጠይቅ ከረመች። አንዳንዴ፣ "አንቺ ልጅ፣ አሁንስ ሰለቸሽኝ" ይሏታል፣ ግን ይመልሳሉ። ነሐሴ ላይ ከአዲሷ ጤና አዳም አንድ ቅርንጫፍ አጎንብሰው በድንጋይ ያዙ። ኤልያና አንድ ዓመት እንድትጠብቅ ተነገራት፤ ሩባርቡን ለጊዜው ወሰደች።

ኅዳር ላይ መሬቱን ብርድ ይዞት ከጠነከረ በኋላ ሐሴትና ጋሽ አስማማው መደቡን በሜፕል ቅጠል አለበሱት። ቅጠሉ መቼ እንደሚነሳ እሷ ተናገረች፣ እሳቸው ሰሟት። በማግስቱ ጋሽ አስማማው የልጅ ልጃቸውን ለማየት ወደ ሳስካቱን በረሩ፤ ቁልፉን ለእሷ ትተው።